ጅቡ ማን ነው?

በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. አንድ የውርስ ጉዳይ ፍኖተ ሰላም ወሰደኝና ሦስት ቀን አቆየኝ። በሁለተኛው ቀን ምሽት ካረፍኩበት ሆቴል ወጥቼ እግሬን ሳፍታታ ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሳቅ ሰማሁ። አንዱ ሲጀምር ሌላው የሚቀጥልበት፣ ከዚያ አንድ ሰው «እንደገና! ከሽምግልናው እንጀምር!» እያለ የሚያቋርጠው ሳቅ ነበር። ዘበኛውን ሰላም ብዬ ገባሁ።

በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለት መምህራን፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ባለባጃጅ፣ የቀሩት ተማሪዎች ናቸው። ከተማሪዎቹ አንዷ ከሊበን፣ ሁለቱ ከቡሬ መጥተው ቤት ተከራይተው እንደሚማሩ በኋላ ነገሩኝ። ጢሙን ያልተላጨው ባለባጃጅ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮና ነጠላ አጣፍቶ መሐል ላይ ቆሟል። ከኋላው ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ቆዳ የለበሰ ጅብ በእጅና በእግሩ እየተንፏቀቀ ይመጣል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አያ ጅቦ የአህያን ልጅ ለማግባት ፈልጎ ቀበሮንና ዝንጀሮን ሽማግሌ ይልካል። የልጅቱ እናት እትዬ አህይት ደሃ ናት። ሊያገባ የመጣው ሀብታም፣ በአገሩም የተፈራ ነው። ጥርሱን አላየችም፤ ወይም እንዳላየች ሆናለች። ያየችው ጦጣ ብቻ ነች። ጦጣን የምትጫወተው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሱሪ ለብሳ፣ የሙሽራዪቱን ወንድም መስላ ገብታ ሠርጉን ታፈርሰዋለች። ጅቡ በገባ ቁጥር ታዲያ ከተመልካች የሚጠበቅ ሥራ አለ። እትዬ አህይት «የታለ? እኔ እኮ አላየሁም!» ትላለች፣ ልጆች «ከኋላሽ! ከኋላሽ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እሷ ስትዞር ጅቡም አብሯት ይዞራል። ያን ምሽት ተመልካቹ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጩኸቱ በእኔ ላይ ተፈረደ። አምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው የሕግ ባለሙያ በባዶ ክፍል ውስጥ «ከኋላሽ!» እያለ ሲጮህ ማየት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

ልምምዱ ሲያበቃ ሙያዬን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ተያዩ። ድርሰቱን የጻፈው መምህር «እንግዲያው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት» አለኝ። አዳራሽ ለመለመን ጽሑፉን ይዞ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄዶ ኖሯል። (የሰውየውንም የቢሮውንም ስም አልጠየቅኩም፣ አሁንም አልፈልገውም።) ኃላፊው ሦስት ገጽ ያህል አንብቦ ቀና አለና «ጅቡ ማን ነው?» አለው።

«ጅብ ነው» አለ መምህሩ።

«እሱንማ አነበብኩት። ማን ነው ነው የምልህ።»

እነዚህ ሰዎች ከእኔ የፈለጉት ይኼ ጥያቄ መልስ ያስፈልገው እንደሆነ ነበር። በዚያው ላይ ቡድናቸው ስምና ማኅተም ሊኖረው ይገባ እንደሆነ፣ የሌላ ደራሲ ሥራ ቢሠሩ ማንን ማስፈቀድ እንዳለባቸውም ጠየቁኝ። እኔም ሳላስበው እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ተቀምጬ አወራኋቸው። ይኼ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ወግ በመጠኑ ተስተካክሎ ነው። በየከተማው ተመሳሳይ ነገር የሚያስቡ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ይጠቅማቸው ይሆናል።

የእነሱን ዓይነት ጨዋታ ከዚያ በፊት ያየሁት ባሕር ማዶ ነበር። ለአጭር ሥልጠና እንግሊዝ አገር በሄድኩበት አንድ የጥር ወር፣ ያረፍኩባቸው ቤተሰቦች በትንሽ ከተማቸው ወደሚገኝ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወሰዱኝና «ፓንቶማይም ነው» አሉኝ። እኛ ዘንድ ፓንቶማይም ሲባል ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ቃል የማይተነፍስ ተዋናይ ነው የሚታሰበን። እነሱ ግን ሲጮሁ፣ ሲዘፍኑና ሲሳደቡ አመሹ። ተረቱ ሲንደሬላ ነው። አሮጊቷን ትልቅ ሰውዬ ቀሚስ ለብሶ ይጫወታታል፣ ልዑሉን ልጃገረድ ትጫወተዋለች፣ ክፉው ሲገባ ቤቱ በፉጨት ይናጋል። የከተማዋ ሹማምንት ስማቸው እየተነሣ ይቀለድባቸዋል፤ እነሱም ፊት ለፊት ተቀምጠው ይስቃሉ። ተዋናዮቹ ሥጋ ሻጩ፣ ፖስተኛው፣ የጥርስ ሐኪሟ ናቸው። በየከተማው የሚገኙ የእንዲህ ዓይነት አማተር ቡድኖች የሚሰባሰቡበት ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ አለ።

ለሕግ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚጥመው የነገሩ አመጣጥ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1737 አንድ ሕግ አወጡና ማንኛውም አዲስ ቴአትር ከመታየቱ በፊት በቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን ይመረመር አሉ። በንግግር የሚቀርብ ድራማ ደግሞ የንጉሥ ፈቃድ የያዙ ጥቂት ቤቶች ብቻ ሥራ ነበር። የቀሩት ምን ያድርጉ? በሙዚቃ፣ በጭፈራና በምልክት ማውራት ጀመሩ። ከጣሊያን የመጣውን የፌዝ ጨዋታ ከአገራቸው ተረት ጋር አዋሃዱት። በንግግር ድራማ ላይ የነበረው የጥቂቶች ብቸኛ መብት በ1843 ተነሣ፤ ቅድመ ምርመራው ግን እስከ 1968 ቆየ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ዓመት መሆኑ ነው! ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ሹሞቻቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲያፌዙባቸው ሳይ፣ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነፃ ነበሩ ብዬ አልተታለልኩም።

ደግሞስ እኛ ከማን እናንሳለን? በገና ጨዋታ ዕለት ጭሰኛው ጌታውን በግጥም ሲሸነቁጠው ጌታው እንዳይቆጣ የሚያስገድደው ደንብ የማን ነው? ገናን የሚጫወት ሰው ያን ዕለት ያለውን በማግስቱ አይጠየቅበትም። በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ ግን የሚከበር ያለመከሰስ መብት ነበር። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ይኼን መጽሐፍ ሳያገላብጥ ያውቀዋል። የፍኖተ ሰላሞቹ ቴአትራቸውን ለገና ማሰባቸው ድንገት እንዳልሆነ ገባኝ፤ እነሱ ግን «በዓል ስለሆነ ሰው እረፍት ላይ ነው ብለን ነው» አሉኝ።

የአገራችን የመጀመሪያው ቴአትርም የአውሬዎች ጨዋታ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝም የቆዩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር ነው ተብለው የታደሙት ዝግጅት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆኖባቸው፣ «ቴአትር እንዲህ አይደለም» ብለው ብዕር አነሡ። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንዲህ ተወለደ። የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርጎ በአገሩ አስተዳደር ላይ የሚያፌዝ ሥራ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ባሉበት ታየ። በዘመኑ በሙያው የሚተዳደር ተዋናይ ስላልነበረ፣ መድረክ ላይ የወጡት ሁሉ ያለጥርጥር አማተሮች ነበሩ። መኳንንቱ ሳቁ፤ ከዚያ ማን ላይ እንደሳቁ ማሰብ ጀመሩ። በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ቴአትሩ ታገደ። ቴአትር የሚባለው ነገር ራሱ ንግሥቲቱ እስኪያልፉ ድረስ በአደባባይ ቀና ሊል አልቻለም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፣ ጣሊያን ሲዝትብን በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰምተዋል። የሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ብዙ ተምሬያለሁ። ፋቡላን ግን ማንም አላነሣልኝም። ሰውየው በመጀመሪያ አውሬዎችን አናግረው ተከለከሉ፣ ቀጥለው ንጉሡና ሕዝቡ የሚተዳደሩበትን ሕግ አረቀቁ። በ55 አንቀጾቹ ውስጥ ስለ ቴአትር አንድም ቃል የለም። (በነገራችን ላይ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቺካጎ ሄደው የተማሩት ሕግ ነበር። የእኛ ሙያ ለመድረክ የገበረው ሰው ቀላል አይደለም።)

ይህን ስነግራቸው የቡሬው ልጅ «ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ነው የተጀመረው ማለት ነው?» አለኝ። አይደለም። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም ብዙም አይርቅም። ቅኔ ተምረው አዲስ አበባ ገቡ፣ ተማሪዎች አሰልጥነው መድረክ አወጡ፣ «አፋጀሺኝ»ን ጻፉ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ደረሱ። የሳቸው ተዋናዮች የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የሴቷንም ቦታ ወንድ ልጅ ነበር የሚጫወተው፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበርና። ባለባጃጁ ይህን ሲሰማ ሻሹን አስተካክሎ «እንግዲህ ወጉ ነው» አለ።

እኔም የራሴን ታሪክ ነገርኳቸው። በ1976 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ለትምህርት መዝጊያ በዓል የታመመውን አንበሳ ተረት እናጠና ነበር። አንበሳው ታሞ ተኝቷል፣ ሊጠይቁት የሚገቡት አውሬዎች አይወጡም፣ ቀበሮ ዱካውን አይታ በሩ ላይ ትቆማለች። ቀበሮው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አድገው ስማቸው በአገር የሚታወቅ ቡድን ሆነዋል፤ የጎጃሙን የግሽ ዓባይ ኪነት ያላወቀ የለም። ነገር ግን የመድረኩ መሪ ሐሳብ ከላይ ነበር የሚመጣው። አንድ ኃላፊ ልምምዳችንን ሊጎበኝ መጣና «አንበሳው ማን ነው?» አለ። አንበሳ የንጉሡ ዓርማ ስለነበረ «ለወደቀው ሥርዓት ታለቅሳላችሁ ወይ?» ነው ነገሩ። መምህራችን በላብ ተዘፍቀው አንበሳውን ነብር አደረጉት። በሳምንቱ ሰውየው ተመልሶ መጣ። «ነብሩስ?» አለ። በመጨረሻ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጥቅም የሚያስረዳ ጭውውት አቀረብን። እኔ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኜ «ተመዝግቧል» የምትል አንዲት ቃል ደረሰችኝ። ቀበሮነቴ እንደቆጨኝ አለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ። ቴአትር ለማሳየት ጽሑፉን አስቀድሞ ለማንም አሳይቶ የማጸደቅ ግዴታ የለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ መብትን በስም ጠርቶ አስቀምጧል። በዚያው አንቀጽ የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነት ከፕሬስ ነፃነት ጎን ተረጋግጧል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ኃላፊነት አለበት ይላል። አንዳንድ ሰዎች የሚጠቅሱት የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ሰላማዊ ሰልፍንና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን የሚመለከት ነው። አህያና ጅብ የሚጋቡበት ጨዋታ በምን ሥሌት የፖለቲካ ስብሰባ እንደሚሆን የሚያስረዳኝ ካለ ለመማር ዝግጁ ነኝ። ስም የሚያጠፋ ወይም ጥላቻ የሚሰብክ ነገር ከመድረክ ከተነገረ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል፤ ያ በፍርድ ቤት የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመነገሩ በፊት «ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የማንም ሥልጣን አይደለም።

አዳራሹ ሌላ ነገር ነው። ባለንብረት አዳራሹን ላለማከራየት ይችላል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ አዳራሽ ግን ለሠርግና ለስብሰባ እየተከፈተ ለቴአትር ሲዘጋ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። በእኔ ልምድ «በጽሑፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ በር ይከፍታል። ምዕራብ ጎጃምን በመሰለ አካባቢ ደግሞ አዳራሽ ማለት የትምህርት ቤት ወይም የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው። ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ ቤት ለማግኘት ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ነው።

ማኅበር መመሥረትን በተመለከተ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 404 መሠረት ትርፍ ለመካፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የተሰባሰቡ ሁለት ሰዎች እንኳን ማኅበር ናቸው። ማኅተምና የባንክ ሒሳብ ሲፈለግ መመዝገብ ይመጣል። ለአንድ የገና ጨዋታ አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ማኅተም አያሻቸውም። ስም ግን ይኑራችሁ አልኳቸው፤ ሁለት ሳምንት ተከራክረውበት አልተስማሙም ነበር።

የደራሲ መብት ላይ ሲደርሱ ብዙ አማተሮች ይሳሳታሉ። «በነፃ ስለምናሳይ ማንንም አናስፈቅድም» ይላሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን በይፋ የማሳየት መብት የደራሲው ነው ይላል። ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። በዚህ ስሌት ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. ስላረፉ ሥራዎቻቸው ከ1989 ወዲህ የሁላችን ናቸው። ደብረ ኤልያስ ላይ «አፋጀሺኝ»ን ለማሳየት ማስፈቀድ የሚያስፈልገው የለም። ተክለ ሐዋርያት ያረፉት በ1969 ስለሆነ ፋቡላ በ2019 ነፃ ይወጣል። ታግዶ የኖረ ቴአትር በሕግ ለሁሉም ሲከፈት ለማየት ዓመተ ምሕረቱን እየቆጠርኩ ነው። ትምህርት ቤቶች የሚወዱት «ጠልፎ በኪሴ» ግን፣ መንግሥቱ ለማ በ1980 ስላረፉ፣ እስከ 2030 ወራሾቻቸውን መጠየቅ ይገባል። የጸጋዬ ሥራዎች እስከ 2048 ናቸው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ወራሾች ብዙውን ጊዜ በትሕትና ለጠየቀ የትምህርት ቤት ክበብ አይጨክኑም።

ተረት ራሱ የማንም የግል ሀብት አይደለም። ጅቡም አህያዋም የአያቶቻችን ናቸው። መምህሩ በራሱ አእምሮ ያዋቀረው ድርሰት ግን፣ በወረቀት እስከሰፈረ ድረስ፣ ሳይመዘገብም የእሱ ነው። ችግሩ ግማሹ በቃል ብቻ የሚታወቅ መሆኑ ነበር። የእትዬ አህይትን ንግግር ባለባጃጁ በየምሽቱ እየፈጠረው ነው የሚናገረው። «ጻፉት» አልኳቸው። «ከተጻፈ አይጣፍጥም» አለኝ ባለባጃጁ። በዚህ ላይ የሕግ መልስ አልነበረኝም።

አዳራሹ አልተገኘም። አንድ እድር ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን አውሶአቸው በገና ማግስት በሜዳ ላይ አሳዩት። እኔ አልነበርኩም፣ መምህሩ ነው በስልክ የነገረኝ። ለለቅሶ የሚተከል ድንኳን በልጆች ጩኸት ሲናጋ አንዲት አሮጊት «ይኼስ ምን ዘመን ነው?» ብለው ቢገቡ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ቀሩ አለኝ። «ጅቡ ማን ነው?» ያለው ኃላፊም ሁለት ልጆቹን ይዞ መጥቶ ነበር። ትንሹ ልጁ «ከኋላሽ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አባትየው ሳቀ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ጨለማ ስለነበር አላየሁትም» አለኝ።

ለፋሲካ ሁለተኛ ሥራ አስበው ነበር። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከዚያ በ2015 ክረምት ግጭቱ ራሱ ጎጃም ገባ፣ ሐምሌ 28 ቀን አሥር ወር የዘለቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና አውታሮች ተናገሩ። ለቀናት ስልክ አልሠራ አለኝ። የቴአትር ፈቃድ ጥያቄ ያን ሰሞን ማሰብ እንኳን ያሳፍራል።

መምህሩን ያገኘሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ጦጣ የነበረችው ልጅ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ገብታለች። ባለባጃጁ ባጃጁን ሸጧል። ድርሰቱን ጽፋችሁታል ወይ አልኩት፤ የእትዬ አህይትን ክፍል ሳይጨምር ጽፎታል። ልብሶቹን ልብስ ሰፊው ቤቱ ነው ያስቀመጣቸው።

«ጅቡስ?» አልኩት።

«ከረጢቱን ባለቤቱ ፈትታ የቡሬ በርበሬ አስገብታበታለች» አለኝ። «ራሱ ግን አለ። ማታ ማታ ልጆቹ ያጠልቁትና እርስ በርስ ይባረሩበታል።»